የውሸት ሜሴጅና የተበላሸ አሳ በአንድ ደብተር

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር አሳ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ወጣቶች በባጃጅ መጥተው አራት ኪሎ የተጸዳ ቆሮሶ አስመዘኑ፤ ክፍያው በስልክ ነው። የእትዬ እጅ እስከ ክርናቸው ረጥቧል፣ ቅርፊት ተለጥፎበታል። ስልካቸው ከሽርጡ ሥር ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። አንደኛው ልጅ የራሱን ስልክ ዘረጋላቸው። «ይኸው ገብቷል፣ እትዬ።» መስታወቱ ላይ ስማቸው አለ፣ የብሩ ልክ አለ፣ ሰዓቱ አለ። «ተባረኩ» ብለው ፌስታሉን ሰጧቸው። ማታ እጃቸውን ታጥበው ስልካቸውን ሲከፍቱ የገባ ብር የለም።

ይኼ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል፣ አዲስ ወሬ አይደለም። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በዙሪያው ላሉ ትንንሽ ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ። በወሩ መጨረሻ የእትዬን ደብተር ስገልጥ «የተበላሸ» እና «ዱቤ የቀረ» ከሚሉት ዓምዶች ጎን በእስክሪብቶ የተሰመረ ሦስተኛ ዓምድ አገኘሁ። «የውሸት ሜሴጅ» ይላል። «የተበላሸ» የሚሉት መብራት ጠፍቶ በረዶው የቀለጠ ቀን የሚጣለውን አሳ ነው። ይኼኛውስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ካልጻፍኩትማ ልጄ፣ ዓመት ሲዞር ብሩን ጅብ በላው ልል ነው?»

ትልልቅ ድርጅቶች አማካሪ ቀጥረው፣ ሰነድ አዘጋጅተው፣ ስብሰባ ተቀምጠው የሚደርሱበት ነጥብ ይኸው ነው። እትዬ የኢንተርኔቱን ሌባ ከቀለጠው በረዶ ለይተው አላዩትም። ሁለቱም ብር ይበላሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም ደብተር ላይ ይሰፍራሉ። እኔ ግን በሥራዬ የማገኛቸው ብዙ ሰዎች ስለ አሳ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ጀልባ ሞተር ሲያወሩ በቁጥር ያወራሉ፤ ወሬው ወደ ኮምፒውተርና ስልክ ሲዞር ድምፃቸው ይለወጣል። ወይ «ሃከር ካሰበ የማይገባበት የለም» ይላሉ፣ ወይ «እኛን ማን ያየናል» ይላሉ። ሁለቱም አባባል ሰውየውን ከማስላት ነጻ ያወጣዋል። ለዚህ ይመስለኛል የሚወደዱት።

ስጋት ማለት በንግድ ቋንቋ ሁለት ቁጥር ነው፤ ነገሩ በዓመት ስንት ጊዜ ይደርሳል፣ ሲደርስስ ስንት ብር ያስወጣል። ሁለቱን ማባዛት ብቻ ነው። ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል እንግዳ የሚያመላልስ ባለጀልባ ሞተሩ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንደሚበላሽና ጥገናው 40,000 ብር እንደሚፈጅ ካወቀ፣ በየዓመቱ 20,000 ብር ለሞተር ያስቀምጣል። ስለ ሞተሩ ቅዠት አያይም። ስሌቱን «የስጋት ትንተና» ብሎ ባይጠራውም ያው እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት ግን አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አስጠሩኝ። አሥራ ሁለት ክፍል ያለው፣ በረንዳው ጣናን የሚያይ ቤት ነው። ጋሼ (እንደዚህ ነው የምጠራቸው) ፊታቸው ላይ አንድ የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሻጭ ጥሎት የሄደ። 180,000 ብር የሚያወጣ የፋየርዎል ሳጥን፤ ከኢንተርኔት ወደ ቤቱ ኮምፒውተሮች የሚገባውን እያጣራ የሚያግድ ዕቃ። «ሰውየው ያሳየኝን ቪዲዮ ብታየው» አሉኝ። «ሆስፒታሉን ዘግተውታል፣ ፋብሪካውን አቁመውታል። እኛ ላይ ቢመጡስ?»

ሻጩ አልዋሸም። የሚያስፈራውን ነገር ያሳየው ግን ያንኑ ፍርሃት የሚያስታግስ ዕቃ የያዘ ሰው ነው፤ ይኼ ሁልጊዜ መታወስ አለበት። እኔም «ይግዙ» ወይም «አይግዙ» አላልኳቸውም። ወረቀቱን ገለበጥኩና በጀርባው ላይ መስመር አሰመርኩ። ሪሴፕሽን የምትሠራውን ልጅ ጠራናት፤ እንዲህ ባለ ስሌት ከባለቤቱ ይልቅ ሪሴፕሽኗ ብዙ ታውቃለች።

መጀመሪያ የጠየቅናት ባለፈው ዓመት ያልገባ ክፍያ «ገብቷል» ተብሎ ቁልፍ የተሰጠበት ጊዜ ስንት እንደሆነ ነው። ጋሼን ሰረቅ አድርጋ አየችና «ስድስት ይሆናል» አለች። ጋሼ የሚያውቁት ሁለቱን ነበር። በአማካይ 1,500 ብር ብንለው 9,000 ብር በዓመት።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተያዘው መዝገብ፣ የእንግዳ መዝገቡ፣ የሠራተኛ ደመወዙ ሁሉ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ነው። በፍላሽ ቫይረስ፣ በመብራት መዋዠቅ ወይም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ሶፍትዌር ምክንያት ቢጠፋ፣ ከደረሰኝ ላይ መልሶ ለመገንባት የእኔ የሦስት ሳምንት ሥራ ነው፤ ግብር የማሳወቂያ ጊዜ ላይ ከወደቀ ቅጣቱም አለ። በሦስት ዓመት አንዴ፣ በ90,000 ብር ያዝነው። በዓመት 30,000።

የፌስቡክ ገጹና የቴሌግራም አካውንቱ ቢነጠቅ? ከውጭ የሚመጣው እንግዳ የሚያገኛቸው በዚያ ነው። በአምስት ዓመት አንዴ፣ 50,000 ብር፤ በዓመት 10,000።

አራተኛውን ያሰቡት አልነበረም፣ እኔ ነኝ ያነሣሁት። ጋሼ ፍራሽና ጀነሬተር ከአዲስ አበባ ያዛሉ፤ ደረሰኙ በኢሜይል ይመጣል፤ ብሩ በባንክ ይተላለፋል። ሌባው የአቅራቢውን ኢሜይል ፓስወርድ ያገኝና ዝም ብሎ ለሳምንታት ያነባል። ምንም አይነካም። ክፍያው የሚፈጸምበት ቀን ሲደርስ፣ በዚያው ኢሜይል፣ በዚያው ሰላምታና በዚያው ማኅተም «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል መልእክት ይልካል። ቫይረስ የለውም፣ የሚጫን ሊንክ የለውም፤ ማንም ፋየርዎል አይይዘውም፣ ምክንያቱም መልእክቱ እውነተኛ ኢሜይል ነው። በአሥር ዓመት አንዴ ብንል፣ ግን ሲመጣ 400,000 ብር ይዞ ይሄዳል። በዓመት 40,000።

ድምሩ 89,000 ብር። ጋሼ ቁጥሩን አይተው ትንሽ ዝም አሉ። «ይኼ እኮ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከጠየቁኝ፣ ፍርሃቱ የተነፈሰው ያኔ ነው። ገንዘቡ ስላነሰ አይደለም፤ ጎን ለጎን የሚያስቀምጡት ነገር ስላገኙ እንጂ።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ ነው፣ ተገቢም ነው። «በአሥር ዓመት አንዴ» ያልኩት ከሰማይ አልወረደልኝም፤ ደግሞም ልክ ላይሆን ይችላል። ደጋግሞ የሚደርሰውን ነገር ሠራተኛ ይነግርሃል። አልፎ አልፎ የሚደርሰውን ከጎረቤት ነጋዴዎች ታገኘዋለህ፤ በምታውቃቸው ሃያ ድርጅቶች ላይ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንቱ ላይ ደረሰ ብለህ ብትጠይቅ የመቶ የድርጅት-ዓመት ልምድ በእጅህ ገባ ማለት ነው። እርግጠኛ ካልሆንክ አንድ ቁጥር ከመጥራት «ከ20,000 እስከ 70,000» በል። ሰፊ መሆኑ ነውር የለውም። ውሳኔው በሁለቱም ጫፍ ላይ ያው ከሆነ፣ ለማጥበብ መድከም አያስፈልግም።

የማልወደው ዘዴ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የሚቀባውን ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታየዋለህ። ያምራል። ግን ቀይ ሲደመር ቢጫ ስንት ነው? ሁለት ቢጫ ከአንድ ቀይ ይበልጣል? «ከፍተኛ ስጋት» የተባለውን በስንት ብር ማጥፋት ተገቢ እንደሆነ ቀለሙ አይነግርህም፤ በጀት ደግሞ የሚጻፈው በብር ነው።

ቁጥር ከወሬ ጋር ሲጋጭ የሚገርም ነገር ይወጣል። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል ለ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በመጠየቅ ጠፋ ተብሎ የተመዘገበው 59.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። በኢሜይል አታልሎ ክፍያን በማዞር ጠፋ የተባለው ደግሞ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር። እርግጥ የመጀመሪያው ቁጥር የቆመ ሥራን ኪሳራ አይጨምርም፣ ሪፖርት ያላደረገም ብዙ ነው። ቢሆንም ቪዲዮ የሚሠራለት አንዱ ሆኖ ገንዘቡን በዝምታ የሚወስደው ሌላው መሆኑን ያሳያል። የጋሼም ወረቀት ላይ ትልቁ መስመር አራተኛው ነበር።

ወደ ሳጥኑ ስንመለስ፦ 180,000 ብር በሦስት ዓመት ቢካፈል በዓመት 60,000 ነው። ከአራቱ መስመሮች የሚነካው ሁለተኛውን ነው፣ እሱንም በከፊል፤ ፍላሽ ላይ የመጣን ቫይረስና የመብራት መዋዠቅን አያቆምም። ቢበዛ 10,000 ብር ለማዳን 60,000 ማውጣት። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሎረንስ ጎርደንና ማርቲን ሎብ የተባሉ ሁለት የሒሳብ አያያዝና የኢኮኖሚ ምሁራን በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ ቀመር አቅርበው ነበር፤ በብዙ ሁኔታ ለመከላከያ የሚወጣው ገንዘብ ከሚጠበቀው ኪሳራ 37 በመቶ መብለጥ የለበትም ይላል። ለጋሼ ወደ 33,000 ብር መሆኑ ነው። ቀመሩ የራሱ ቅድመ ግምቶች አሉት፣ እንደ ሃይማኖት አልይዘውም። ግን የ89,000 ስጋትን ለመከላከል 89,000 ማውጣት ራሱ ኪሳራ መሆኑን ለማስረዳት ይበቃል።

በተቃራኒው አራቱን መስመሮች የሚያሳንሱት ነገሮች ርካሽ ሆነው ተገኙ። የእንግዳውን ስልክ ማየት ቀርቶ የድርጅቱን ስልክ አይቶ ብቻ ቁልፍ መስጠት፤ ነጻ ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ለመግባት አንድ ሳይሆን ሁለት ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) መክፈት፤ እሱም ነጻ፣ አሥር ደቂቃ። በቴሌግራም የመጣን የመግቢያ ኮድ «ተሳስቼ ላክሁልሽ፣ እስቲ ንገሪኝ» ለሚል ሰው አለመናገር። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል መልእክት ሲመጣ፣ በመልእክቱ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ዱሮ በሚያውቁት ቁጥር ደውሎ የሰውየውን ድምፅ መስማት። የአንድ ጥሪ ዋጋ። ገንዘብ የጠየቀው ሁለት ኤክስተርናል ሃርድዲስክ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን 9,000 ብር ብንለው ለሦስት ዓመት፣ በዓመት 6,000።

አማካይ የማይነግርህ

እስከዚህ ድረስ ማባዛት ብቻ ነበር፤ ማባዛት ደግሞ አንድ ትልቅ ውሸት አለው። «በአሥር ዓመት አንዴ 400,000» እና «በየዓመቱ 40,000» በወረቀት እኩል ናቸው፣ በኑሮ ግን አይደሉም። በየዓመቱ 40,000 የሚወጣበት ቤት ይንገዳገዳል እንጂ ይቆማል። በአንድ ጠዋት 400,000 የወጣበት ቤት ግን የሠራተኛ ደመወዝ ያጣል፣ ዕዳ ይደርስበታል፣ የቀሩትን ዘጠኝ ደኅና ዓመታት ሳያያቸው ይዘጋል። ጀልባ ላይ ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅና ጀልባ የሚገለብጥ ማዕበል በአማካይ አይደመሩም።

ስለዚህ ከማባዛት በፊት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኼ ነገር አንድ ጊዜ ቢደርስ ቤቱ ይተርፋል? መልሱ «አይተርፍም» ከሆነ፣ ዕድሉ ምንም ያህል ቢያንስ ለብቻው አውጥተህ አንድ መላ ታበጅለታለህ። ለጋሼ መላው ቀላል ሆነ፦ ከ100,000 ብር በላይ የሆነ ክፍያ በሁለት ሰው ፊርማ፣ በሁለት ቀን ተከፋፍሎ። ማታለሉ ቢሳካ እንኳ የሚሄደው ሙሉው አይሆንም።

ሌላው ዓለም ለዚህ ኢንሹራንስ ይገዛል። እኛ ኢንሹራንስን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም፤ እድር አለን። እድር የሚሠራው ሞት ተራ በተራ ስለሚመጣ ነው። ዛሬ የአንዱ ቤት፣ ከሁለት ወር በኋላ የሌላው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ቢያልቅ እድሩ የሚቀብርም የሚከፍልም የለውም። የኢንተርኔት አደጋ ከሌላው የንግድ አደጋ የሚለይበት አንዱ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ሰፈሩን በሙሉ በአንድ ቀን ይመታል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ዊንዶውስ፣ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ስለምንጠቀም።

ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. «ኖትፔትያ» የተባለው ተንኮለኛ ሶፍትዌር የተነሣው ዩክሬን ውስጥ ብዙ ድርጅት ከሚገለገልበት የሒሳብና የግብር ፕሮግራም ማሻሻያ ውስጥ ተደብቆ ነው። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይቺ ነገር ታሳክከኛለች፦ በሌላ ነገር ሳይሆን በእኛው ዕቃ ነው የገባው። በሰዓታት ውስጥ የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ማርስክን ጨምሮ በብዙ አገር ያሉ ድርጅቶችን አቆመ። ማርስክ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደገና መጫን ነበረበት፤ ኪሳራው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። የኔትዎርኩን የተጠቃሚዎች መዝገብ የያዙት ሰርቨሮቹ እርስ በርሳቸው ኮፒ ስለሚያደርጉ አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ጠፉ፤ ከአንዱ በቀር። እሱ ጋና የሚገኘው ነበር፤ ጥቃቱ ሲደርስ እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከኔትዎርኩ ውጭ ሆኖ ተረፈ። መብራት መጥፋት ጥቅም ሰጥቶ ያየሁት በዚህ ታሪክ ብቻ ነው። ለጋሼ ሁለተኛ ሃርድዲስክ ያስገዛኋቸውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ የሚውለው ኮፒ ከኮምፒውተሩ ጋር ይሞታል። አንዱ ሁልጊዜ ተነቅሎ ቤታቸው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ልዩነት ደግሞ ይኼ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ የሚነሣው ንፋስ ጀልባህን አያጠናም። ሌባ ያጠናል። በሩን ስትዘጋ መስኮት ይሞክራል፤ ስለዚህ ትናንት ያሰላኸው «በአምስት ዓመት አንዴ» ነገ ሊለወጥ ይችላል። ይኼ እውነት ቢሆንም አብዛኛው ሌባ አንተን ለይቶ አያጠናም፤ «እኛ ትንሽ ነን፣ ማን ያየናል» የሚለው የሚፈርሰውም እዚሁ ላይ ነው። በመንጠቆ የሚያጠምድ አንድ አሳ ይመርጣል፤ በመረብ የሚያጠምድ አይመርጥም። ሐይቃችን ላይ ሞኖፊላመንት የሚሉት ቀጭን መረብ ጫጩቱን ሳይቀር እየጠረገ ስንት ዓመት ሲያስወቅስ ኖሯል። የኢንተርኔቱም እንደዚያ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ኮምፒውተርና ፈጣን መስመር ይዘው መላውን የኢንተርኔት አድራሻ፣ ያኔ ከሞላ ጎደል አራት ቢሊዮን የሚሆነውን፣ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩተው መጨረስ እንደሚቻል አሳይተዋል። እንዲህ የሚያንኳኳ ማሽን የጋሼን ሪሴፕሽን አያውቀውም፤ ደካማ ፓስወርድ ካገኘ ግን ይገባል። ያረጀ ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፣ የከተማችን ኮምፒውተር ግን ብዙው አሁንም እሱው ነው። ይኼን ማሻሻል ከማንኛውም ሳጥን ይቀድማል።

ሌባ የሌለበት ኪሳራ

የእኛ ሰው ስለ ኢንተርኔት አደጋ ሲጠየቅ የማያነሣው፣ ግን ባለፉት ዓመታት ከሁሉ የበለጠ ብር የበላ ነገር አለ፤ ኢንተርኔቱ ራሱ አለመኖሩ። በክልላችን በነበረው ግጭት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ የማረፊያው የኦንላይን ቡኪንግ ማንም ሳይሰብረው ዜሮ ገባ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ አገልግሎቱም ለሰዓታት ተቋረጠ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታውቋል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ክፍያ ይጠብቅ ለነበረ ነጋዴ ግን ጥቃትም ሆነ ስህተት ልዩነት የለውም፤ ብሩ አልመጣም።

ደኅንነት ሲባል ሦስት ነገር ነው፤ ምስጢሩ እንዳይወጣ፣ ቁጥሩ እንዳይዛባ፣ በሚያስፈልግ ጊዜ እንዲገኝ። ሦስተኛውን ሁልጊዜ እንረሳዋለን። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ስልክ ገብቷል፤ ለዚህ ነው ዳታ የማይፈልገውን *127# መልመድ፣ ከአንድ በላይ ባንክ መያዝ፣ የመደበኛ ደንበኞችን ስልክ በወረቀት ደብተር ላይ መጻፍ «የኋላ ቀር ሥራ» ያልሆነው። በወረቀታችን ላይ አምስተኛ መስመር ጨመርንለትና ከሁሉም የከበደ ሆኖ ተገኘ። ምን ያህል እንደሆነ ጋሼ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሪሴፕሽኗ ስልኳን ስታሳየን ሳናስበው ተገኘ። የፎቶ ማኅደሯ ውስጥ በልጇ ልደትና በሰርግ ፎቶዎች መሃል የእንግዶች ፓስፖርትና መታወቂያ ተደርድሯል። የሁለት ዓመት። ለመመዝገብ አንስታ ሳታጠፋው የቀረ ነው፤ ማንም አልነገራትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት በሕግ ይጠየቅበታል፤ ያ ስልክ ባጃጅ ውስጥ ቢረሳ የልጅቷ ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስጋትን መቀነስ አለ፣ ለሌላ ማስተላለፍ አለ፣ ዐውቆ መሸከም አለ፤ ከሁሉ የሚረክሰው ግን አለመያዝ ነው። የሌለህን ማን ይሰርቅሃል? ሁሉንም አጠፋነው፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

የቀረውን ጋሼ ዐውቀው ተሸከሙት። ሳጥኑን አልገዙም። ይኼ «ቸል አሉት» ማለት አይደለም፤ በወረቀቱ ላይ «ይኼን ስጋት አይቼ ተቀብያለሁ» ብለው ቀንና ፊርማ አስቀምጠዋል፣ መስከረም ላይ እንደገና ልናየው ተስማምተናል። ክፍሉ ሠላሳ ቢሆን ወይም የካርድ ክፍያ ቢጀምሩ ስሌቱ ይለወጣል፤ ያኔ ሳጥኑ ሊያዋጣ ይችላል። ቸል ማለትና መቀበል የሚለያዩት በዚያች ፊርማ ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ፣ ብዙ ሰው ዕቃ የሚገዛው ከተዘረፈ ማግስት፣ በንዴት፣ ሻጩ በጠራለት ዋጋ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ጋሼ ጋ ሄጄ ነበር፤ ለመሄድ ስነሣ አንድ ነገር ቀረኝና ተመለስኩ። ሃርድዲስኮቹ ከተገዙ ሦስት ወር ሆኗቸዋል፤ ሪሴፕሽኗ «ባክአፕ እያደረግሁ ነው» ትላለች። እስቲ ኮምፒውተሩ ዛሬ ጠዋት ተቃጠለ እንበል አልኳትና ገመዱን ነቀልኩት። የራሴን ላፕቶፕ አውጥቼ የመጀመሪያውን ሃርድዲስክ ሰካሁ። አልተከፈተም፤ ጭር ጭር ብሎ ዝም አለ። ጋሼ ከበረንዳው ተነሥተው መጡ። ሁለተኛውን ከቤት እስኪያስመጡ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ሰካሁት፣ ተከፈተ። ፒችትሪው ገባ። የመጨረሻው ምዝገባ የተሠራው ከ19 ቀን በፊት ነው።

«እንግዲህ ኮምፒውተሩ ዛሬ ቢጠፋ የሚጠፋው የ19 ቀን ሥራ ነው» አልኩ።

ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ካልኩሌተሩን ከፈቱ። አሥራ ሁለት ክፍል፣ 19 ቀን። ቁጥሩን አዩና ወደ ልጅቷ ዞሩ፦ «ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ ነው፤ ስትጨርሺ ለኔ ትደውይልኛለሽ።»